ለቤት ኤስፕሬሶ ማሽን የትኛውን ውሃ ትጠቀማላችሁ?

የቃሊቲ ልጅ

ሰላም የቡና ወዳጆች። እህቴ ከውጭ ስትመጣ አነስተኛ የኤስፕሬሶ ማሽን ይዛልኝ መጣች። ቦይለር (ውሃ የሚያሞቀው ጋን) አለው፣ ውሃ የሚሞላው ከኋላው ባለው ማጠራቀሚያ ነው። የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ ውስጥ አጠራቅመን ነው የምንጠቀመው። የውሃ ማፍያችንን ውስጡን ብታዩት ነጭ ነገር ጋግሮበታል፣ በጥፍር ስትፍቁት በቅርፊት በቅርፊት ይነሳል። ማሽኑም እንዲህ እንዳይሆን ፈርቼ እስካሁን አላበራሁትም። ቧንቧውን አፍልቼ ልጠቀም? የታሸገ ውሃ ልግዛ? አንድ ጎረቤቴ ደግሞ «ምንም ማዕድን የሌለው የባትሪ ውሃ ነው የሚሻለው» አለኝ። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ቡናውም እንዲጣፍጥልኝ እፈልጋለሁ።

ቡና በጠዋት

እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። የባትሪውን ውሃ እርሳው። ለመጠጥ የተዘጋጀ አይደለም። ምንም ማዕድን የሌለው ውሃ ራሱ ለማሽን ችግር አለው፤ ብዙ ቦይለሮች መሙላታቸውን የሚያውቁት በውሃው ውስጥ በሚያልፍ ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው፣ ማዕድን ከሌለ ያ አያልፍም፣ ስለዚህ ማሽኑ ባዶ ነኝ ብሎ ውሃ መጨመሩን ይቀጥላል። ብረቱንም ቀስ በቀስ ይበላዋል።

የእናንተ ሰፈር ነጭ ነገር ግን አይገርምም። ለገዳዲና ገፈርሳ ለአዲስ አበባ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅሙ ግድቦች ናቸው፣ ውሃቸው ለስለስ ያለ ነው። በአቃቂ በኩል ግን ብዙው ከጥልቅ ጉድጓድ ነው የሚወጣው፣ ድንጋይ ውስጥ ቆይቶ ስለሚመጣ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል። ሁለቱ ሲሞቁ ነው ነጩን ነገር የሚሠሩት። ሌላ ሰፈር ያለ ሰው «እኔ ቧንቧ ነው የምጠቀመው፣ ምንም አልሆነም» ቢልህ ላንተ አይሠራም ማለት ነው።

አፍልቶ መጠቀም የተወሰነ ይረዳል። ጥቂት ደቂቃ ከፈላ በኋላ አቀዝቅዘህ ዝቃጩ ከታች ሲቀር ላዩን ቀስ ብለህ ትቀዳለህ። ግን በየቀኑ ይህን ማድረግ ያደክማል፣ ሁሉንም አያወጣም፣ ክሎራይድ ደግሞ ጭራሽ አይነካም። ክሎራይድ የበዛበት ውሃ ስቴንለስ ቦይለርን ይበሳል። (ውሃ ለማከም ከሚጨመረው ክሎሪን ጋር እንዳታምታታው፤ ክሎሪኑ ክዳኑ ተከፍቶ ሲያድር ይቀንሳል፣ የከሰል ፊልተርም ያወጣዋል።)

ሚሊግራም

የታሸገ ውሃ ግዛ፣ ግን መለያውን አንብበህ ግዛ። ሰው ሁሉ «ንጹህ ነው ወይ» ብሎ ይጠይቃል፣ ለማሽን ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ሦስት ነገር ፈልግ፦ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ባይካርቦኔት። ካልሲየሙን በ2.5፣ ማግኒዥየሙን በ4.1 አባዝተህ ደምር፣ ያ የውሃው ጥንካሬ (የካልሲየምና የማግኒዥየሙ መጠን) ነው። ባይካርቦኔቱን በ0.82 አባዛ፣ ያ ደግሞ አልካላይን የሚባለው፣ ውሃው ኮምጣጣን የማርገብ አቅሙ ነው። ለምሳሌ በሊትር ሚሊግራም ካልሲየም 20፣ ማግኒዥየም 5፣ ባይካርቦኔት 80 ቢል ጥንካሬው 70 ገደማ፣ አልካላይኑ 65 ገደማ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሳታመነታ ጨምረው። እኔ አልካላይኑ ከ40 እስከ 70 የሆነውን ነው የምይዘው።

ጣዕሙንም የሚወስነው ይኸው ነው። ባይካርቦኔት ሲበዛ የቡናውን ኮምጣጣነት ይገድለዋል። ይርጋ ጨፌ ወይም ጉጂ ገዝተህ ያ ደስ የሚል የፍሬ ጣዕም ጠፍቶ ድፍን ያለ መራራ ብቻ ከቀረህ ቡናውን ከመውቀስህ በፊት ውሃውን እይ። በጣም ሲያንስ ደግሞ ኮምጣጣው ይበረታል፣ ምላስ ይይዛል።

ቲዲኤስ መለኪያ የሚሉትን ትንሿን ዕቃ ብቻ አትመን። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ነገር አጠቃላይ መጠን ትነግርሃለች እንጂ ያለው ጨው ይሁን ካልሲየም አትለይም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለህ ጥንካሬውንና አልካላይኑን የሚለካውን፣ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠውን የጠብታ መመርመሪያ አስመጣ፣ ዋጋውም ብዙ አይደለም።

ከዚራ

ከድሬዳዋ ነኝ። እዚህ የቧንቧ ውሃ ሳሙና እንኳ በደንብ አያረፋም፣ ለማሽን የሚሆን አይደለም። እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ሰፈር ውስጥ ተጣርቶ በ20 ሊትር ጃር የሚሸጠውን ውሃ እገዛለሁ፣ በአርኦ (ውሃውን በግፊት በጣም ረቂቅ ወንፊት በሚያሳልፍ ማጣሪያ) ስለሚጣራ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። ለአንድ ጃር 1.7 ግራም ቤኪንግ ሶዳ እጨምርና እነቀንቀዋለሁ። አልካላይኑ 50 አካባቢ ይሆናል፣ ካልሲየም ስለሌለው ደግሞ ነጭ ነገር ሊሠራ አይችልም። ቤኪንግ ሶዳ ነው ያልኩት፣ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፣ ስታርችና አሲድ አለበት፣ እንዳትሳሳት! የወርቅ ቤት ዓይነት ትንሽ ሚዛን ያስፈልግሃል፣ በማንኪያ ግምት አይሆንም።

የቃሊቲ ልጅ

በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሱቅ ሄጄ የሦስት ውሃዎች መለያ ፎቶ አነሳሁ። አንዱ ባይካርቦኔት 76፣ ካልሲየም 16፣ ማግኒዥየም 4 ይላል። ሁለተኛው 12 ብቻ ነው ባይካርቦኔቱ። ሦስተኛው ቁጥር የለውም፣ «የተፈጥሮ ውሃ» ብቻ ነው የሚለው። ደግሞ አንድ ጓደኛዬ አምቦ ውሃ ማዕድን ስላለው ጥሩ ነው አለኝ፣ እውነት ነው?

ሚሊግራም

የመጀመሪያውን ያዝ። ጥንካሬው 56፣ አልካላይኑ 62 ነው፣ ለቡናውም ለማሽኑም ይመቻል። ሁለተኛው ብቻውን ያንሳል፣ ግን እንደ ከዚራ ትንሽ ሶዳ ብትጨምርበት ይሠራል። ቁጥር የማይጽፈውን ተወው። አምቦን ከምግብ በኋላ ጠጣው፤ ባይካርቦኔቱ እጅግ ብዙ ነው፣ ጋዝም አለው፣ ማሽን ውስጥ እንዳይገባ።

ቡና በጠዋት

አንድ ነገር ልጨምር። ነጭ ነገር ያዘብኝ ብለህ አቼቶ እንዳትጨምርበት፣ ሽታው ጎማዎቹ ውስጥ ይቀራል። ሲትሪክ አሲድ ይሻላል፣ እሱንም ቢሆን የማሽኑ መመሪያ ከፈቀደ ብቻ። ቦይለር ያላቸውን አንዳንዶቹን አምራቾቹ ቤት ውስጥ በአሲድ እንዳታጥቡ ይላሉ፣ የተላቀቀው ቅርፊት ቀጭኑን ቱቦ ስለሚዘጋ። የማሽንህን ሞዴል ጻፍልንና መመሪያውን አብረን እናያለን። ማጠራቀሚያውን ግን ዛሬውኑ በሳሙና እጠበው፣ በየሁለት ሦስት ቀኑም ውሃውን ቀይረው፣ በተለይ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ካስቀመጥከው አረንጓዴ ይይዛል።