ጋዝ አቃጥለን ካርቦኑን ብንይዘው ያዋጣናል ወይ?

የጣና ዳር፦ ሰላም ቤተሰብ። የሶማሌ ክልሉ የካሉብ ጋዝ መስከረም 2018 ላይ ማምረት ከጀመረ ወዲህ አንድ ሐሳብ ደጋግሜ እሰማለሁ። «ውሃ ሲቀንስ በጋዝ መብራት እናመንጭ፣ ምድርን የሚያሞቀውን ካርቦን (ካርቦን ዳይኦክሳይዱን) ከጭሱ ለይተን መሬት ውስጥ እንቅበረው» የሚል። እኔ አልተዋጠልኝም። አያዋጣም ባይ ነኝ። እስቲ እንከራከር።

ፖሊ 09፦ እኔ እደግፋለሁ። መብራታችን ከሞላ ጎደል የውሃ ነው። ጣና በለስ እንኳ 460 ሜጋ ዋቱን የሚያመነጨው ከዚሁ ከሐይቃችን በሚወስደው ውሃ ነው። በ1995 ሐይቁ ወርዶ መርከቦች ለወራት መቆማቸውን ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። ዝናብ ሲያጥር መጠባበቂያ ያስፈልገናል። ካርቦን መያዙም ህልም አይደለም። አሜሪካ ቤሊንግሃም የሚባል ቦታ አንድ የጋዝ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2005 እየያዘ ለምግብ ፋብሪካዎች ያቀርብ ነበር። እንግሊዞችም ቲሳይድ ላይ በዓመት እስከ 2 ሚሊዮን ቶን ለሚይዝ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ገንዘቡን አጽድቀዋል።

የጣና ዳር፦ ወንድሜ፣ ቤሊንግሃም ለምን ተዘጋ? ጋዝ ሲወደድ ነው። መሣሪያው ይሠራል፣ እሱን አልካድኩም። ጣጣው ሂሳቡ ላይ ነው። በጋዝ ጣቢያ ጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከመቶ 4 ገደማ ብቻ ነው። የድንጋይ ከሰል ጭስ ሦስት እጥፍ ያህል አለው። ቅዳሜ ገበያ ገብተህ ከመቶ ሰው አራቱን ብቻ እየለቀምክ እንደማውጣት አስበው። ጭሱ አሚን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ያልፋል፣ ፈሳሹ ካርቦኑን ይይዛል። እንዲለቀው ደግሞ እስከ 120 ዲግሪ መሞቅ አለበት። እንፋሎቱ የሚመጣው ተርባይኑን ሊያዞር ከነበረው ነው። ስለዚህ ያንኑ ጋዝ አቃጥለህ ትንሽ መብራት ትሸጣለህ።

ዋናው ግን ይሄ ነው። አንተ የምትለው መጠባበቂያ ነው፣ ውሃ ሲጎድል ብቻ የሚነሳ። መያዣው ከነብድሩ በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል እንበል። ዓመቱን ሙሉ ሠርቶ 1 ሚሊዮን ቶን ከያዘ ቶኑ 100 ዶላር መጣ። ሦስት ወር ብቻ ከሠራ 400 ሊደርስ ነው። ማሽኑ ቆሞም ብድሩ አይቆምም።

የሽምብጥ እናት፦ ልጆቼ፣ እኔ እንጀራ ሸጬ ነው የምኖረው። ትናንት ሊጡን ምጣዱ ላይ እንዳዞርኩት መብራት ሄደ። ክዳኑን ሳነሳ ግማሹ ዓይን አውጥቷል፣ ግማሹ ሊጥ ነው። ማገዶ አንድጄ ጨረስኩት። የማገዶዬን ጭስ ማን ያዘልኝ? አሁን የምትሉት ነገር የኔ ቆጣሪ ላይ ነው የሚጨመረው?

የጣና ዳር፦ እትዬ፣ አዎ፣ ወይ ቆጣሪው ላይ ወይ ከመንግሥት ካዝና። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ሕግ ከጭስ ተይዞ ለሚቀበር አንድ ቶን እስከ 85 ዶላር የግብር ቅናሽ ትሰጣለች። እኛን ማን ይከፍልልናል?

ፖሊ 09፦ የበከሉት ይክፈሉ። የእኛ ድርሻ ኢምንት ነው። ኮፕ 32፣ የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ2027 አዲስ አበባ ይመጣል፣ እዚያው እንጠይቅ።

የጎርጎራ ልጅ፦ እሺ ከፈሉ እንበል። የት ነው የሚቀበረው? አንዱ መቀበሪያ ጋዝ ወጥቶ ያለቀበት ጉድጓድ ነው። ካሉብ ገና መጀመሩ ነው። ቧንቧው፣ መጭመቂያው፣ ለዘመናት የሚጠብቀው ሰው፣ ሁሉም ወጪ ነው።

ፖሊ 09፦ ወራት ብቻ ለሚሠራ ጣቢያ መያዣ አያዋጣም ያላችሁትን ተቀብያለሁ። ግን ጋዙን ወደ ዩሪያ ብንወስደውስ? ዩሪያ የሚሠራበት አሞኒያ የሚባለው ኬሚካል ከጋዝ ሲመረት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሞላ ጎደል ንጹህ ሆኖ ተለይቶ ነው የሚወጣው። በጭስ ውስጥ አራት ከመቶ መልቀም የለም። ዩሪያ ለመሥራት ደግሞ እሱ ራሱ ጥሬ ዕቃ ነው። ጎጃም ውስጥ ሰኔ ሲመጣ ገበሬው ማዳበሪያ ፍለጋ ስንት ቀን እንደሚሰለፍ የማያውቅ አለ?

የጣና ዳር፦ ይሄኛው ያስኬዳል። ግን ካርቦኑ ተቀበረ እንዳትል። ዩሪያው ማሳ ላይ ሲበተን መልሶ ይወጣል። ማዳበሪያ አገኘን እንበል፣ እሱ በቂ ምክንያት ነው። ለእትዬ ምጣድ ግን መልስ አልሰጠንም። እኔ ያን ገንዘብ መስመር ማደሻና ፀሐይ ላይ ባውለው እመርጣለሁ። በበጋ፣ ሐይቁ በሚወርድበት ወቅት፣ ፀሐዩ ያለ ደመና ነው የሚውለው።

የሽምብጥ እናት፦ ማታስ? እኔ የምጋግረው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነው።

የጣና ዳር፦ እትዬ፣ ቀን በፀሐይ የተረፈው ውሃ ለሌሊት ይቀመጣል። ግድብ ለዚህ ነው የሚጠቅመን።