የሌሊት ዲዩቲ ድካምና የመድኃኒት ስህተት፦ ባለው የሰው ኃይል ምን ይደረግ?

የዎርድ አስተባባሪ፣ ባሕር ዳር
ጤና ይስጥልኝ። ማታ 12 ሰዓት የገባች ነርስ ጠዋት 2 ሰዓት ስትወጣ 14 ሰዓት ሠርታለች። በሚያዝያ ሙቀት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቀን ተኝቶ እንቅልፍ መጥገብ አይቻልም። ሰው የሚጨመርበት በጀት የለም። በሽተኛ ሳይጎዳ ሌሊቱ እንዲያልፍ ሥራውን እንዴት ትከፋፍላላችሁ?

ነርስ፣ ማዋለጃ ክፍል
ሲስተር፣ ሰውነት በጣም የሚዝለው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ነው፤ ጉብዝና አያድንም። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ ደሙ ውስጥ 0.05 ፐርሰንት አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ የንጋት 12 ሰዓቱን መድኃኒት ስሌት 6 ሰዓት ላይ ሠርታችሁ ቻርቱ ላይ ጻፉት። መድኃኒቱን ግን ቀድማችሁ በሲሪንጅ አትቅዱ፤ ይቀያየራል።

ትንሽ ስህተት ብዙ የሚጎዳባቸውን መድኃኒቶች፣ ማለትም ኢንሱሊን፣ ሄፓሪን፣ ፖታሲየም ክሎራይድና ማግኒዥየም ሰልፌት (በእርግዝና ግፊት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ የሚሰጥ)፣ ሁለት ሰው ይያቸው። ሁለተኛዋ የጓደኛዋን መልስ ሳታይ ከትእዛዙ ተነሥታ ራሷ ታስላ፤ አይቶ "ልክ ነው" ማለት ማረጋገጥ አይደለም። ለምሳሌ 4 ግራም ማግኒዥየም ከ50 ፐርሰንቱ ፈሳሽ 8 ሚሊ ነው፤ 12 ሚሊ የመርፌ ውኃ ሲጨመርበት 20 ፐርሰንት ይሆናል። የደከመ ሰው የሚዘለው ይህን ማቅጠን ነው። ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ ሪፈር ተብላ ሌሊት የገባች እናት ደግሞ የመጀመሪያውን ዶዝ ጤና ጣቢያ ወስዳ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቷ ሳይነበብ ቢደገም ትንፋሿን ሊያቆም ይችላል። ከሚቀጥለው ዶዝ በፊት ትንፋሽ በደቂቃ ቢያንስ 16፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ፣ የጉልበት ሪፍሌክስም (ጉልበት ሥር መታ ሲደረግ እግር መፈናጠሩ) መኖር አለበት። የማግኒዥየም ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አልጋዋ አጠገብ ይቀመጥ።

ነርስ፣ ውስጥ ደዌ
ቻርት ላይ የሁሉም በሽተኛ ትንፋሽ "20" ከሆነ አልተቆጠረም ማለት ነው። ድካም መጀመሪያ የሚበላው ይህን ነው፤ በሽተኛ እየባሰበት መሆኑን ቀድሞ የሚነግረንም ይኸው ነው፣ በጣም ያሳዝናል። ሁሉንም መቁጠር ካልተቻለ ኦክስጅን ላይ ያሉትን ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ።

እንቅልፍን በተመለከተ፣ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ በየተራ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከነቁ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል መድኃኒት አይነካም፤ አእምሮ ገና አልነቃም። ቡና ከ8 ሰዓት በኋላ ይቅር፤ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ የጠዋቱን እንቅልፍ ይሰርቃል። ሞተር ያላቸው እንቅልፍ እያዳፋቸው እንዳይነዱ ጠዋት ባጃጅ ይያዙ።

የዎርድ አስተባባሪ፣ ባሕር ዳር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዎርዱ ላይ አንድ ነርስ ብቻ ስትሆንስ?

ነርስ፣ ማዋለጃ ክፍል
ያኔ እንቅልፉ ይቀራል፤ በሽተኛ ብቻውን አይተውም። ለማረጋገጡ የጎረቤት ዎርድ ነርስ ትጠራ፣ ይህም ማታ ርክክብ ላይ በስም ይወሰን። 9 ሰዓት ላይ "ማንን ልጥራ" እያሉ ማሰብ አይሆንም።