ቦይለራችን ይንጣጣል፣ ሙቅ ውሃውም ቶሎ ያልቃል

የአባይ ማዶ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ የባህር ዳር ልጆች እርዱኝ። 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር አለን። ውሃው ጣራ ላይ ካለው ሮቶ ነው የሚወርድለት። ከክረምቱ ወዲህ ሲሞቅ ውስጡ ይንኳኳል፣ ይንጣጣል። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት ማታ ማታ በሙቅ ውሃ ነው የምትታጠበው። አሁን ግን ታጥባ ሳትጨርስ ውሃው ይቀዘቅዝባታል። ሥሩ ካለችው ትንሽ ቫልቭም ውሃ ይንጠባጠባል። አንድ ባለሙያ አይቶት “ቀዳዳዋን ልድፈናት፣ ይቆማል” አለን። ልቤ አልወደደውም፣ ከለከልኩት። ጎረቤት ደግሞ ጥላችሁ አዲስ ግዙ ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የሽምብጡ ቧንቧ ሠራተኛ፦
እህቴ፣ እንኳን ከለከልሽው! ያቺ ቫልቭ የቤቱ ሰው ጠባቂ ናት። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ሲደርስ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይጨምራል። ቫልቯ ውሃው ወደ ሮቶው እንዳይመለስ ስለምታግድ፣ ትርፉ በእሷ በኩል ይወጣል። እሷ ተደፍና ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ መብራቱን የሚቆርጠው ዕቃ) አልቆርጥ ያለ ቀን ታንከሩ ሊፈነዳ ይችላል። እባካችሁ፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ማንም እንዲደፍናት አትፍቀዱ።

ውሃው እየሞቀ ሳለ መንጠባጠቧ ጤና ነው። ቀዝቅዞም ካላቆመች ግን ውስጧ ቆሻሻ ገብቶ ይሆናል። ማንሻዋን ሁለት ሦስቴ ከፈት ዘጋ አድርጊና ውሃው ቆሻሻውን ይጠርግላት። እንቢ ካለች እሷን ብቻ ቀይሪ። ጠብታው ካስቸገረሽ ቀጭን ቱቦ ሰክተሽ ወደ ፍሳሹ አውርጂው፣ ጫፉ ግን ሁሌም ክፍት ይሁን።

ድምፁ ሌላ ነገር ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚቀረውን ነጭ ቅርፊት ታውቂው የለ? ውሃውን በሚያሞቀው ብረት፣ በሬዚስታንሱም ላይ ያው ነው የሚጋገረው። ቅርፊቱ ሥር የገባው ውሃ ብቻውን እየፈላ ነው የሚንጣጣው። በክረምት ከሮቶ የሚወርደው ደለልም ታች ይተኛል። ቅርፊቱ ቴርሞስታቱ ያለበትን ቱቦ ከሸፈነው፣ ቴርሞስታቱ ውሃው ሳይሞቅ ቀድሞ ይቆርጣል። እናትሽን ያስቸገራቸው ይኸው ይመስለኛል።

ታንከሩ ራሱ ካላፈሰሰ አይጣልም፣ ይታጠባል። መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ማብሪያ ማጥፊያው ብቻ አይበቃም። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ መግቢያውን ዝጉ፣ አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃ ቧንቧውን ከፍታችሁ በቫልቯ ማንሻ አፍስሱት። ከዚያ ከሥር ያለው ክዳን ይፈታል፣ ሬዚስታንሱም አብሮ ይወጣል። አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። በቢላ አትፋቁት፣ ይቧጨራል። ታንከሩ ውስጥ ያለውን ጭቃ በእጅ አውጡና እጠቡ።

እዚያው አንዲት የማግኒዥየም ዘንግ ታገኛላችሁ። ዝገቱ ታንከሩን ትቶ እሷን እንዲበላ የተቀመጠች ናት። ቀጥና ሽቦዋ ብቻ ከቀረ አዲስ ግዙ። ብዙ ቦይለር ግን እሷን የሚያይላት ሰው ጠፍቶ ተበስቶ ይጣላል። የክዳኑን ጎማም አብራችሁ ቀይሩ።

ስትመልሱት መጀመሪያ ውሃ ሙሉ። የሙቅ ውሃ ቧንቧው አየር ጨርሶ ውሃ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ብቻ ብሬከሩን አብሩ። ሬዚስታንስ ውሃ ሳይኖር ከበራ ወዲያው ይቃጠላል።

ጣና ዳር፦
የጋሼ ምክር ትክክል ነው። እኛ ውሃን በፀሐይ ወደሚያሞቀው ሶላር ከዞርን ወዲህ ቦይለሩን በክረምት ብቻ ነው የምናበራው። ባህር ዳር ላይ የሶላሩን ፊት ወደ ደቡብ አዙሮ ትንሽ ዘንበል ማድረግ ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ስለሚከብድ ግን ኤሌክትሪኩን ጨርሳችሁ አትንቀሉ። ቅርፊቱ ሶላሩንም አይምርም፣ እሱም ይታጠባል።

የአባይ ማዶ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜ ይስጥዎ። ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር እንከፍተዋለን። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እናቴ አንዳንዴ ቧንቧውን ስትነካ እጇን ነዘር ያደርጋታል። እሱም ከቅርፊቱ ነው?

የሽምብጡ ቧንቧ ሠራተኛ፦
እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ አሁኑኑ ብሬከሩን አጥፊ፣ እስከ ቅዳሜ አትጠብቂ። ሬዚስታንሱ ተሰንጥቆ መብራት ወደ ውሃው እያሳለፈ ሊሆን ይችላል፣ ኧርዙም (ያፈተለከውን መብራት ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) የተቋረጠ ይመስላል። ያ ሬዚስታንስ አይዘፈዘፍም፣ በአዲስ ይቀየር። መብራት ሠራተኛ ጠርታችሁ ኧርዙን አስለኩ፣ መብራት ሲያፈተልክ 30 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከርም አስገቡ። እስከዚያ ለእናትሽ ውሃውን በድስት አሙቂላቸው።

የአባይ ማዶ ልጅ፦
አጥፍቼዋለሁ። መብራት ሠራተኛው ነገ ጠዋት ይመጣል።