ታኮማ ፓርክና ሮክቪል በአንድ ቀን ክላስ መያዝ ያዋጣል?

የዊተኗ፦
ሰላም ለቤቱ። ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ነርሲንግ ለመግባት ቅድመ ኮርሶቹን እየወሰድኩ ነው። ለሚቀጥለው ሴሚስተር አናቶሚና ፊዚዮሎጂ ታኮማ ፓርክ/ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ ሞልቷል፣ ክፍት ያለው ሮክቪል ብቻ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ስታትስቲክስ ታኮማ ፓርክ 10:50 ላይ ያልቃል፣ አናቶሚው ሮክቪል 12:00 ላይ ይጀምራል (ሰዓቱ በአሜሪካ ነው)። ሳይኮሎጂ ሰኞና ረቡዕ ታኮማ ፓርክ ነው። በድምሩ 10 ክሬዲት። ሲስተሙ ምንም ሳይል መዝግቦኛል። መኪና የለኝም። በ70 ደቂቃ ይደረሳል? ካምፓሱ ሁለት በመሆኑስ ፔል ግራንት (የማይመለሰው የፌደራል የትምህርት ድጎማ) ይነካብኛል?

ራይድ_ኦን፦
ሲስተሙ መዘገበሽ ማለት ይደረሳል ማለት አይደለም። የሚያየው የክላሶቹ ሰዓት መደራረቡን ብቻ ነው፤ በመሀል ያለውን መንገድ አይቆጥርም። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ካርታ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግም ሮክቪልም የሜትሮ ባቡሩ ቀይ መስመር ላይ ስላሉ ባቡሩ አቋራጭ ይመስላል። መስመሩ ግን ዲሲ መሀል ድረስ ወርዶ በሌላው ጎን ተመልሶ የሚወጣ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ብትሳፈሪ ሮክቪል 22ኛው ፌርማታ ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከጣቢያው እስከ ካምፓሱ ደግሞ ሌላ የእግር መንገድ አለ።

የሚሻለው ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ግሌንሞንት የሚሄደውን ባቡር ይዘሽ ዊተን መውረድ ነው፣ ሁለተኛው ፌርማታ ነው። ከዚያ በቪርስ ሚል መንገድ ወደ ሮክቪል የሚሄደውን አውቶቡስ ትይዣለሽ። ከክላስ እስከ ጣቢያ 15 ደቂቃ፣ ባቡሩ ከነመጠበቁ 15፣ አውቶቡሱ ከነመጠበቁ 40 ብለሽ ደምሪው። ሁሉም ቢሳካ ራሱ 70 ደቂቃሽ አለቀ። አንዱ አውቶቡስ ካመለጠሽ አለቀ፣ አረፈድሽ። አንድ የሚያግዝ ነገር፦ ራይድ ኦን (የካውንቲው አውቶቡስ) ከጁን 2025 ጀምሮ ነጻ ነው፣ ሜትሮባስና ባቡሩ ግን ይከፈልባቸዋል።

እኔ የምመክረው አንድን ቀን ለአንድ ካምፓስ ብቻ መስጠት ነው። ማክሰኞና ሐሙስን ሙሉ በሙሉ ለሮክቪል ተዪና ስታትስቲክሱን እዚያው ፈልጊ፣ ወይም ታኮማ ፓርክ ሰኞና ረቡዕ ከሳይኮሎጂው ጋር አያይዢው። ሁለቱም ካልተገኘ ኦንላይን ያዥው። አናቶሚውን ግን አትንኪው፤ ቦታ ለማግኘት የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ላብ_ኮት፦
ሰላም እህቴ። ከላይ ባለው ላይ አንድ ልጨምር። አናቶሚ ላይ ሌክቸርና ላብራቶሪው ለየብቻ ሰዓት ስላላቸው የሴክሽኑን ዝርዝር ከፍተሽ ሁለቱንም መስመር እይ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አይቶ የሚመዘገብ አለ፤ ሳምንቱ ሲጀምር ላቡ ከሥራው ወይም ከሌላ ክላሱ ጋር ይጋጭበታል። ላብ ማርፈድ ከሌክቸር ማርፈድ የከፋ ነው። ኩዊዝ ካለ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ሞዴሉና ናሙናው የሚዘረጋውም ለዚያ ሳምንት ብቻ ስለሆነ ማካካስ አስቸጋሪ ነው።

መጽሐፍም ተጠንቀቂ። የኮርሱ ቁጥር አንድ ቢሆንም አስተማሪው ሲለያይ መጽሐፉ ወይም የኦንላይን ኮዱ ሊለያይ ይችላል። ጓደኛሽ ታኮማ ፓርክ የተጠቀመችበትን ከመግዛትሽ በፊት የራስሽን ሴክሽን ISBN (የመጽሐፉን መለያ ቁጥር) አመሳክሪ፤ የተከፈተ ኮድ አይመለስም።

ቆጣቢው፦
ስለ ፔል፦ አትስጊ። ሦስቱም ካምፓሶች (ጀርመንታውን ጭምር) አንድ ኮሌጅ ናቸው፤ ክሬዲቱ ይደመራል፣ ትራንስክሪፕቱም አንድ ነው፣ የክሬዲት ዋጋውም አይለያይም። የሚለያየው ሌላ ኮሌጅ ስትገቢ ነው። ፕሪንስ ጆርጅስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንድ ክላስ ብትወስጂ ፔል የሚከፍልሽ አንዱ ኮሌጅ ብቻ ነው፤ ክሬዲቱ እንዲቆጠር ሁለቱ ኮሌጆች ኮንሶርሺየም ስምምነት መፈራረም አለባቸው፤ እሱን ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ ጠይቂ።

ሊነካሽ የሚችለው ክላስ መጣሉ ነው። ፔል አሁን የሚሰላው ክሬዲትሽን ለ12 በማካፈል ነው። በ10 ክሬዲት 83 በመቶ፣ ስታትስቲክሱን ጥለሽ 7 ከቀረሽ 58 በመቶ። ሙሉ ፔል የሚገባው ተማሪ በዓመቱ ጣሪያ በ7,395 ዶላር ቢሰላ፣ በአንድ ሴሚስተር ልዩነቱ 920 ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አዲሱን ሴክሽን መያዝሽን አረጋግጪ፣ የድሮውን የምትለቂው ከዚያ በኋላ ነው። ክላሶቹ ደግሞ የዲግሪ ፕሮግራምሽ ውስጥ የሚቆጠሩ መሆን አለባቸው።

ይህን የሚያነብ ኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ ያለው) ተማሪ ካለ፦ 12 ክሬዲት ግዴታ ነው፣ ከዚያ ውስጥ የሚቆጠረው ኦንላይን ክላስ አንድ ብቻ ነው። “ኦንላይን ያዥው” የሚለውን ምክር በዚህ ልክ ውሰዱት።

የዊተኗ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሮክቪል ማክሰኞና ሐሙስ 9:30 ስታትስቲክስ አገኘሁ፣ ግን ዌይትሊስት (ተጠባባቂ ዝርዝር) ላይ 3ኛ ነኝ። የታኮማ ፓርኩን ይዤ ልጠብቅ?

ላብ_ኮት፦
ያዥው። ክፍያ ያልፈጸሙ ከሚሰረዙበት ቀን በኋላ ቦታ ይከፈታል፣ ኢሜልሽን በየቀኑ እይ፤ ተራሽ ሲደርስ የሚሰጥሽ ጊዜ አጭር ነው። የፈተና ሳምንት ሰዓት ከመደበኛው ስለሚለይ ሁለቱንም ሴክሽን በፋይናል ፕሮግራሙ ላይ አሁኑኑ አመሳክሪ። ከተጋጨ ለአስተማሪዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ንገሪ፤ በመጨረሻው ሳምንት ሲነገራቸው ሌላ ቀን ለመስጠት ይቸገራሉ።