ዶሪክ አውልቤር መሆን ትችላለች ወይስ አትችልም?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይኸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ፊልም ላይ ዶሪክ የምትባለው ድሩይድ (ወደ እንስሳ መለወጥ የምትችል የተፈጥሮ አስማተኛ) አውልቤር ትሆናለች፤ ራሱ ጉጉት፣ ገላው ድብ የሆነውን ፍጡር ማለት ነው። ፊልሙ የተነሣበት የጠረጴዛ ጨዋታ ግን ይህን አይፈቅድም። ለታሪኩ ሲባል ሕጉ ቢጣስ ምን አለበት? ስድብ የለም!

ባለዳይሱ፦ አለበት እንጂ። እ.ኤ.አ. የ2014ቱ የጨዋታው ሕግ መጽሐፍ ግልጽ ነው። ድሩይድ የሚለወጠው ወደ እንስሳ ብቻ ነው፣ አውልቤር ደግሞ የተመደበው ከጭራቆች ጋር ነው። ለውጡም ሳያርፉ ሁለት ጊዜ ብቻ። እሷ ከግንቡ ስታመልጥ ዝንብ፣ አይጥ፣ ድመት፣ አጋዘን... ኧረ ተዉኝ።

ፋንዲሻ፦ እና ሁለቴ ተለውጣ «በቃ ደከመኝ» ብላ ኮሪደሩ ላይ ጋደም ትበልልህ? ከፊልሙ እኮ ምርጡ ቦታ እሱ ነው።

ጆይስቲክ፦ የመጨረሻው፣ 20ኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ድሩይድ ያለገደብ ይለወጣል። የተጣሰ ሕግ የለም።

ባለዳይሱ፦ 20ኛ ደረጃ ከሆነች ከተራ ዘበኛ ምን አስሮጣት?

ጆይስቲክ፦ እሺ፣ እዚህ ላይ አገኘኸኝ 😂 ግን ፊልሙ በወጣበት ዓመት ከዚሁ ጨዋታ ተነሥቶ የወጣው የቪዲዮ ጨዋታ፣ ባልደርስ ጌት 3 ላይ፣ ድሩይድህ አውልቤር ይሆናል። እኔ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ሆኜ አላውቅም።

የአያቷ ልጅ፦ አያቴ ሰው ጅብ ሲሆን ስትተርክልን «ስንተኛ ደረጃ ነው?» ብዬ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት በኩርኩም ነበር የምትለኝ።

ማታ ተጫዋች፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ፋይናል ፋንታሲ 7 የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ፣ እ.ኤ.አ. 1997። ከቡድኔ አንዷ ኤሪስ በክፉው በሴፊሮት ሰይፍ ተወግታ ሞተች። ቦርሳዬ ውስጥ የወደቀን የሚያስነሣ የፊኒክስ ላባ ሞልቷል! በውጊያ ላይ ስንቴ ወድቃ በአንድ ላባ አስነሥቻታለሁ። ያን ቀን ግን ጨዋታው «ተጠቀም» የሚል ምርጫ እንኳ አልሰጠኝም። ያሳደግኳት፣ መሣሪያ የገዛሁላት እኔ! አውልቤሩ ማንንም አልጎዳም። ይሄ ግን በእጄ ያለውን ነው የቀማኝ።

ፋንዲሻ፦ እህቴ፣ ላባው የሚያነቃው ራሱን የሳተ ሰው ነው፣ የሞተ አይደለም።

ማታ ተጫዋች፦ ታዲያ ዘንዶ እሳት ተፍቶባት «ራሷን ሳተች»፣ አንድ ሰይፍ ሲነካት ሞተች? ይኼው ዛሬም አለቅሳለሁ፣ አልዋሽም። ግን ያስለቀሰኝ ታሪኩ ይሁን ቦርሳዬ አልለየሁትም።

ባለዳይሱ፦ አያችሁ? እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ሕጉን ማላላት ካስፈለገ መጀመሪያ ለተጫዋቹ ይላላ።

አወያይ፦ ቆይ፣ ያ መጽሐፍህ ራሱ ለጨዋታው መሪ ሕግ የመቀየር ሥልጣን ይሰጠው የለ እንዴ?

ባለዳይሱ፦ ይሰጣል። ባለፈው ቅዳሜ መሪያችንን ለምኜ አውልቤር እንድሆን ፈቀደልኝ።

ፋንዲሻ፦ ምን?! ይሄን ሁሉ ተከራክረህ?

ባለዳይሱ፦ መጀመሪያ ያጠቃሁት ላይ ዳይሱ ከሁሉ የከፋው 1 ወጣብኝ።