ጫቱን ወይስ ሕመሙን ላስቀድም? ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ውስጥ በሱስና በአእምሮ ሕመም የምክር አገልግሎት ስሰጥ 6ኛ ዓመቴ ነው። አንድ ልጅ ጋ ግን መላው ጠፋኝ።

የሌለ ድምፅ ይሰማዋል። መድኃኒቱን ሲወስድ ይረጋጋል። ጫት ሲይዝ ግን «ምርቃናዬን ያጠፋብኛል» ብሎ ኪኒኑን ይተወዋል። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለው በአረቄ ጨብሲ ያደርጋል። ከዚያ ድምፁ ይመለሳል። እዚህ ደግሞ ጫት ተው ማለት ከጓደኛ ተለይ እንደማለት ነው።

እናቱ «መጀመሪያ ሱሱን አስተውልኝ» ይሉኛል። እኔ ሁለቱ አብረው ይታከሙ ባይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከቀጠሮ ቀረ። ስልክም አያነሳም። ሌሊቱን እሱን ሳስብ አድራለሁ።

በሙያው የቆያችሁ፣ ቤቱ ልሂድ ወይስ ልጠብቀው? በየቀኑ የጠጣ ሰው አረቄን ባንዴ ሲያቆም ሊያንዘፈዝፈው እንደሚችልስ ለእናቱ ሳላስደነግጥ እንዴት ላስረዳቸው?