ቡችላዬ በድንገት ደም እያስቀመጠው ነው፣ እስከ ሰኞ መጠበቅ ይቻላል? (ድሬዳዋ)

የሳቢያን ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ቦቢ የሚባል የአራት ወር ገደማ ቡችላ አለን። ትናንት ራቱን አልነካም። በዚህ ሙቀት አንዳንዴ ምግብ ስለሚተው ብዙም አላስደነገጠንም። ሌሊት ማስታወክ ጀመረ። መጀመሪያ የበላውን፣ ከዚያ ቢጫ አረፋ ብቻ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ አስቀመጠው። ደም አለበት፣ ሽታው ቤት አያስቀምጥም። አሁን ከሮቶው ስር ጥላ ላይ ተኝቷል። ስጠራው ጅራቱን ነቅነቅ ያደርጋል እንጂ አይነሳም። ውሃ ይጠጣና ወዲያው ይመልሰዋል።

ጎረቤቶች መርዝ በልቷል፣ ወተት ጋቱት ይላሉ። አንዱ ደግሞ ቴትራሳይክሊን ስጠው አለኝ። ክትባት ወስዷል፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። የእብድ ውሻ የሚል ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ እስከ ሰኞ ብጠብቅ ይደርሳል? ልጆቹ አጠገቡ ተቀምጠው አንነሳም ብለዋል። እባካችሁ የምታውቁ መልሱልኝ።

አዲስ ከተማ

አይዞህ ወንድሜ። መርዝ ነው የሚሆነው፣ የአይጥ መርዝ በየቤቱ አለ። የኛ ውሻ እንዲህ ሆኖ ወተትና እንቁላል ሰጥተነው ተርፏል። ሞክረው።

የከዚራዋ

አቦ እስከ ሰኞ እንዳትጠብቅ! አሁኑኑ አንሳው።

እኛ ግቢ ውሻ ጠፍቶ አያውቅም፣ እናቴም ውሻ ታሳድግ ነበር። ይህን በሽታ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የሞቱብኝ አሉ፣ የዳኑልኝም አሉ። የዳኑት በጊዜ ደም ሥራቸው ውስጥ ፈሳሽ የገባላቸው ናቸው።

የጻፍከው ፓርቮ የሚባለው የውሻ ቫይረስ በሽታ ይመስላል። ገና ቡችላ ነው፣ ምግብ ተወ፣ ቢጫ አረፋ አስታወከ፣ ከዚያ ደም ያለው ክፉ ሽታ ያለው ተቅማጥ መጣ። ሌላም ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ይለየው። የያዝከው ወረቀት ግን ከዚህ አያድነውም። የእብድ ውሻ ክትባት ለእብድ ውሻ በሽታ ብቻ ነው፣ የፓርቮው ሌላ መርፌ ነው። እዚህ ከተማ ስንት ሰው "ተከትቧል" እያለ ቡችላው እጁ ላይ እንደሚያልቅ ሳስብ አንጀቴ ያራል።

ፓርቮ የአንጀቱን የውስጥ ሽፋን ነው የሚልጠው። ስለዚህ በአፉ የምትሰጠው ነገር የሚይዝለት ቦታ የለም። ውሃው በላይም በታችም ይወጣል። በዚያ ላይ ነጭ የደም ሴሉ ስለሚወርድ የአንጀቱ ባክቴሪያ ወደ ደሙ ይገባል። አንቲባዮቲክ የሚሰጡትም ለዚህ ነው። እሱም ቢሆን በመርፌ ነው። የሚያስታውክ ቡችላ ክኒን አይይዝም፣ ቴትራሳይክሊን ደግሞ የሚያድግ ቡችላን ጥርስ ያበላሻል።

አሁን ይህን እይ። ከንፈሩን ገለጥ አድርገህ ድዱን በጣትህ ንካው። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ያሟልጫል። ጣትህ ያዝ ካደረገ ውሃው እያለቀ ነው። ጫን ብለህ ልቀቀው። የነጣው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ካልተመለሰ ደሙ በደንብ እየዞረ አይደለም። ቦቢ የእብድ ውሻ ክትባት ስላለው ነው ይህን የምልህ። ያልተከተበ ውሻ ለሃጩን ካዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ጠባዩም ከተቀየረ ማንም አፉን እንዳይነካ።

የአዲስ ከተማው ወንድሜ፣ ለደግ ብለህ ነው። ግን ወተት መርዝ አያወጣም፣ ተቅማጡን ያብሳል። የደከመ ውሻ ሲጋቱት ደግሞ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ የሚባል ነገር እንዳይቀምስ። ማር ካለህ ትንሽ ድዱ ላይ ቀባለት። ምግብ ያጣ ቡችላ ስኳሩ ይወርዳል።

ከተማ ውስጥ የምታውቀው የእንስሳት ሐኪም ካለ ደውልና "ካኑላና ሪንገር አላችሁ?" በል፤ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦና በእሱ የሚሰጠው ፈሳሽ ማለት ነው። አንድ መርፌ ወግተው "ነገ አምጣው" ካሉህ እሺ ብለህ አትመለስ። እኔን እንዲህ ብለው መልሰውኝ ያውቃሉ፣ ቡችላዋ ሌሊቱን አላደረችም። እዚህ ካጣህ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ቅዳሜ ስለሆነ መጀመሪያ ደውለህ ሰው መኖሩን አረጋግጥ። ሚኒባስ አይጭንልህም፣ ኮንትራት ያዝ። ፀሐዩ ሳይከር ውጣ። ደንገጎ ላይ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ በጎኑ አስተኛው፣ አንገቱ እንዳይታጠፍ፣ ከስሩ ላስቲክና አሮጌ ፎጣ አንጥፍ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ሐረር

የከዚራዋ የጻፈችው ትክክል ነው። ስለ ፈሳሹ ትንሽ ልጨምር። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከክብደቱ 8 በመቶ ውሃ ካጣ የጎደለው 800 ሚሊ ሊትር ነው። ለዕለቱ የሚያስፈልገው ደግሞ ከ500 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ነው። በትውከትና በተቅማጥ ገና የሚወጣው አልተቆጠረም። እያስታወከ ላለ ውሻ ይህን በማንኪያ መሙላት አይቻልም።

መርዝ ነው ለሚሉት፣ ለሃጭ ከበዛ፣ ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ እንደ ማላታይን ያለ የተባይ መርዝ እንጠረጥራለን። ለእሱ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለ። ግቢው ውስጥ የመርዝ ዕቃ ወይም ወረቀት ከተገኘ ይዛችሁ ኑ። ድሬዳዋ ላይ የሙቀት ምታትም አይረሳ። እሱም ያስታውካል፣ ደምም ያስቀምጣል። ልዩነቱ ውሻው ፀሐይ ላይ ወይም አየር በሌለበት ቤት ቆይቶ፣ እያለከለከ በድንገት መውደቁ ነው። የውሻ ጤነኛ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። 41 ካለፈ መጀመሪያ ውሃ እያፈሰሳችሁ፣ እያራገባችሁ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ አምጡት።

ትውከቱ ከቆመ በኋላ አታስርቡት። የተቀቀለ ሩዝና ቆዳው የወጣለት ዶሮ፣ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ስጡት። የወጥ ትራፊ አይሆንም። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል።

የሳቢያን ልጅ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሐረማያ ደርሰናል። ፓርቮ ነው ብለውኛል። ግሉኮስ ተተክሎለታል፣ የትውከት መርፌም ተወግቷል። ማታ ላይ ማስታወኩ ቀነሰ፣ ተቅማጡ ግን አሁንም ደም አለው። ገና ነው፣ ቃል አንገባልህም ብለውኛል። እኔም አብሬው እዚሁ ነኝ።

የከዚራዋ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጎረቤታችን ያለች ሴትዮ ቡችላ አላት፣ ከቦቢ ጋር ሲጫወቱ ነው የሚውሉት። ግቢውንስ በምን ላጽዳው? ልጆቹንስ ይይዛል?

የከዚራዋ

ትውከቱ መቀነሱ ጥሩ ነው። አብረኸው መሆንህም ጥሩ ነው፣ ካኑላውን ነክሶ እንዳያወጣው ተከታተል።

የውሻ ፓርቮ ሰው አይዝም። ግን ደም ያለው ተቅማጥ ሌላ ጀርም ስለሚኖረው ልጆቹ አይንኩት፣ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ቫይረሱ መሬት ላይ ወራት ይቆያል፣ ዓመትም ሊሞላው ይችላል። ተራ ሳሙና አይገድለውም። መጀመሪያ ቆሻሻውን ጥረግና እጠብ፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠህ ሲሚንቶውን፣ ሳህኑን፣ የጫማችሁን ሶል አርስ። 10 ደቂቃ ይቆይ። አፈሩን በረኪና ስለማያጸዳው ያን ጥግ ለጊዜው እጠረው። የተነጠፈለትን ጨርቅ አቃጥለው። ቦቢ ቢድን እንኳ ለሳምንታት በዓይነ ምድሩ ቫይረሱን ያወጣል፣ ግቢ ውስጥ ይቆይ።

ለጎረቤትህ አሁኑኑ ደውልላት። በሽታው ከተያዙ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ውስጥ ነው የሚታየው። ቡችላዋ ምግብ ስትተው ተቅማጡን ሳትጠብቅ ሐኪም ታሳያት። ካልታመመች ደግሞ የፓርቮ ክትባት ያላት መሆኑን ትጠይቅ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ይደገማል፣ 16 ሳምንት እስኪሞላት ድረስ። አንድ መርፌ ብቻ ወስዳ ከሆነ አልጨረሰችም።